የስንዴው ጊዜ

በእኛ ቀዬ የሰው ዕድሜ በዓመተ ምሕረት አይቆጠርም። «የስልሳ ስድስቱ ክፉ ቀን ሲገባ ድክ ድክ ይል ነበር»፣ «መሬት ላራሹ በታወጀ ዓመት የተዳረች ናት»፣ «በስንዴው ጊዜ የተወለደ ነው» ይባላል። የስንዴው ጊዜ የምንለው ድንጋይ ተሸክመን፣ እርከን ሠርተን፣ ስንዴና ዘይት የተሰፈረልንን ዘመን ነው፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ደርግ ማብቂያ የዘለቀውን። እኔ በስንዴው ጊዜ የተወለድኩ ሳልሆን ለስንዴው የደረስኩ ነኝ። ድንጋይ ለመሸከም ያነስኩ፣ ቤት ለመዋል ግን የጎረመስኩ፣ እንደዚያ ያለ ልጅ። ስለዚያ ዘመን ረሀብ፣ ስለ ሰፈራው፣ ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፏል። ስለ ካቡ የሚያጫውተኝ ሰው ግን አጣሁ፤ ለዚህ ነው ዛሬ እናንተን የማስቸግረው።

አገሬ ወሎ ነው፤ ከደሴ በስተደቡብ፣ የማይባር ሐይቅን ቁልቁል የሚያይ ተዳፋት ላይ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሐይቁ ተነስቶ ሽቅብ ይወጣና በራችን ድረስ ይመጣል፤ እናቴ ቡና ስትቆላ ጢሱና ጉሙ ተደባልቀው የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም ነበር። ዝናባችን ሁለት ነው። ክረምት ቢዘገይም ይመጣል። በልግ ግን ቃሏን አትጠብቅም፤ አንድ ዓመት ትመጣለች፣ አንድ ዓመት ትቀራለች፤ እኛ ደግሞ የደጋውን ገብስ የምንዘራው እሷኑ ተማምነን ነው።

መሬታችን ዳገት፣ አፈሩም ስስ ነው። አባቴ የእርሻውን ነገር የሚያውቀው በጆሮው ነበር። ማረሻው አለት ሲነካ ጥርስ የምታፋጭ ድምፅ ትወጣለች፤ በሬዎቹ ሳይቀሩ ጆሯቸውን ያቆማሉ። ምሳ ይዤለት ስሄድ ገና ከሩቅ እሰማታለሁ። «አምና እዚህ ጋ አትጮህም ነበር» ይላል፤ ለኔ ብሎ አይደለም፣ ለራሱም አይመስለኝም፣ እንዲያው ለሞፈሩ። ከዓመት ዓመት የምትጮህበት ቦታ እየበዛ ሄደ።

አያታችንን አባዬ ነበር የምንለው። ከጓሮው ግርጌ አንድ አሮጌ ካብ ነበረችው፤ አባቱ ጀምሯት እሱ የጨረሳት፣ ሬትና ቀጋ የበቀለባት፣ ጥግ ጥጓ ላይ እንሽላሊት ፀሐይ የሚሞቅባት። ከሷ በላይ ያለችው የጓሮ መሬት ጠቆር ያለች፣ እግር ሰመጥ የሚያደርግ አፈር ያላት ነበረች። ጎመን፣ ድንች፣ በቆሎ፣ የተከሉባትን ሁሉ ታበቅላለች። ያኔ ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። የአባዬ ጓሮ ነዋ! የአባዬ ነገር ሁሉ ያምርበታል ብለን አልፈናል።

የስልሳ ስድስቱን ረሀብ እኔ ብዙም አላስታውሰውም። እናቴም አታወራውም። አንድ ነገር ብቻ ነበራት፤ ከሌማት ላይ ፍርፋሪ ሲወድቅ እያነሳች ወደ አፏ ታደርጋለች፣ እንግዳ ፊትም ቢሆን። ልጅ ሆኜ አፍርባት ነበር።

እንግዲህ ስንዴው የመጣው በዚህ መሐል ነው። በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ የሚካሄደው «ምግብ ለሥራ» የሚሉት ነገር በ1972 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ተራሮች ላይ ሰፋ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከጉብታው ላይ ጡሩንባ ያስነፋል፤ ሕዝቡ ዶማውን፣ አካፋውን፣ ባሬላውን ይዞ ይወጣል። የአንድ ቀን ሥራ ዋጋው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ይቺ ቁጥር በእኛ አገር ያልተማረ ሰው እንኳ በቃሉ የሚያውቃት ናት፤ መሠረተ ትምህርት ሀ ሁን ሳያስጨርሳቸው በፊት ሴቶቹ የስንዴውን ሒሳብ ጨርሰውት ነበር።

የስንዴው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ገብስ ገብስ ይሸታል፣ ባቄላም ባቄላ። ያ ስንዴ ግን የጆንያ፣ የመርከብ፣ የሩቅ አገር መጋዘን ሽታ ነበረው። እናቴ በሰፌድ አንፍሳ ነቀዙን ለይታ ስትቆላው ሽታው ይለወጥና የቤታችን ይሆናል። ዘይቱን አያቴ አሻፈረኝ አለች፤ «ኑግ ያላየ ዘይት» ብላ ስም አወጣችለት፣ ወጧ ውስጥ እንዳይገባ። ቆርቆሮውን ግን ማንም አልጠላውም። ውሃ ተቀዳበት፣ ጤና አዳም ተተከለበት፣ ተቀዶ ተዘርግቶም የጎጆ በር የተሠራበት አለ።

ሥራውን የሚመራው የልማት ሠራተኛ ከሸዋ የመጣ ልጅ እግር ነበር፤ የጎማ ቦት ጫማ የሚያደርግ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። በሸሚዙ ኪስ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ አንዲት ነገር ይይዛል፤ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚሏትን ዓይነት፣ ጣት የምታህል ብርጭቆ፣ ውስጧ ውሃና አንዲት አረፋ። ሁለት ዘንግ ያስቆማል፣ በመካከላቸው ሲባጎ ይወጥራል፣ ውሃ ልኳን ሲባጎው መሐል ላይ ይሰቅላታል። ቁጥር ማንበብ ስለምችል አንደኛውን ዘንግ እንድይዝ እኔን መረጠኝ። ይኸውላችሁ ድንጋይ ከመሸከም የተረፍኩት በዚህ ነው።

«ወደ ላይ ውጣ! ትንሽ ውረድ! ኧረ ቀስ! እዚያው!» ይለኛል። በተራመድኩ ቁጥር እግሬ ሥር ጦስኝ ይረገጥና ሽታው ይነሳል፤ ዛሬም ጦስኝ የገባበት ሻይ ሲቀርብልኝ ያ «እዚያው!» የሚለው ድምፁ ይመጣብኛል። አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም ሁለቱ ዘንጎች በአንድ ልክ ላይ ናቸው ማለት ነው። ያን ጊዜ ዘንጉ የቆመበት ላይ ጠጠር አኖራለሁ። ከኋላዬ ያሉት ጎልማሶች የጠጠሩን መስመር ተከትለው መሠረት ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ ድንጋይ ያቀብላሉ፣ ካብ መካብ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ይደረድራሉ። ትልልቁ ከሥር፣ ፊቱ ወደ ውጭ፣ ጀርባው ወደ ዳገቱ ዘመም ብሎ፤ ትንንሹ ከመሐል ይጠቀጠቃል። እኔ ደግሞ እኔ ባቆምኳት ጠጠር ይህ ሁሉ ሰው ሲንቀሳቀስ እያየሁ ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ። የልጅ ነገር! እናቴ ከባሬላው ሥር ጎንበስ ብላ ታልፋለች፤ እጇ ተልጦ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ትጠቅሰኛለች።

ወደ ሐይቁ ዝቅ ብሎ፣ ኮሪ በሚባለው ወንዝ ሸለቆ፣ በ1973 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ላይ ሌላ ነገር ተከፈተ። የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ነው፤ ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ካቋቋማቸው የመጀመሪያው። ያን ጊዜ እኛ «ዝናብ የሚለኩት» ነበር የምንላቸው። በተዳፋቱ ላይ ጠባብ ጠባብ መሬት በቆርቆሮ አጥረው፣ ከግርጌዋ ማጠራቀሚያ ቀብረዋል። ዝናብ ሲዘንብ ከዚያች ቁራጭ መሬት የሚወርደው ውሃ ሌላ መሄጃ የለውም፤ እዚያ ይገባል። ሲያባራ ጠባቂው ይመጣል፣ ከፍታውን ይለካል፣ በዱላ አማስሎ በጠርሙስ ይቀዳል፣ ይጽፋል። ሥራ ፈቶች መስለውን ስቀንባቸዋል።

አንድ ነሐሴ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ ካባራ በኋላ አባዬ በጎች ፍለጋ ወደዚያ ሲወርድ አብሬው ነበርኩ። ጠባቂው የሰፈራችን ሰው ነው፤ ክዳኑን ከፍቶ ሲያማስል ደረስን። አባዬ በትሩን አጋድሞ ቁጢጥ አለ። እጁን እስከ ክርኑ ከተተና ከሥር ያለውን ዝቃጭ ዝቆ አወጣው። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ቅባት የነካው የመሰለ አፈር ነበር። በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ከዚያ ቆርቆሮዋን ከላይ እስከ ታች አየና፣ ወደኛ እርሻ ቀና ብሎ አየና፣

«ለዚች ለጠባቧ ይሄን ያህል ከሆነ፣ ለኔ እርሻ ስንት በርሜል ሊበቃው ነው?» አለ።

ጠባቂው «አብሽር አባባ፣ እሱን ነው እነሱም የሚያሰሉት» አለው።

አባዬ አልሳቀም። ጭቃውን ከእጁ አልታጠበውም፤ ቤት እስክንደርስ ደርቆ ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ ተምሬ የጂኦግራፊ መምህር ከሆንኩ ወዲያ ነው ያ ስሌት የት እንደደረሰ ያነበብኩት። ከነዚያ ጣቢያዎች ከተሰበሰበው መረጃ ተነስተው ሃንስ ሁርኒ የተባሉት ተመራማሪ ከታረሰው የደጋ መሬታችን በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመቱ። በጥልቀት ሲለካ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ1978 ዓ.ም. የወጣው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የደጋ ጥናት ደግሞ የአገሩን ደጋ ሁሉ ደምሮ በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን አለ። ቢሊዮኑን ለተማሪዎቼ ብነግራቸው አይገባቸውም፣ እኔም እውነቱን ለመናገር አይገባኝም። 4 ሚሊሜትሯን ግን በጣቴ አሳያቸዋለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ማን ገበሬ 4 ሚሊሜትር ጎደለብኝ ብሎ ይጮሃል? የምትጮኸው ማረሻዋ ናት፣ እሷም ካለቀ በኋላ።

ወደ ካቡ ልመለስ። አባዬ ከበርሜሉ በኋላ የካብ ጠላት የነበረውን ሰው ሁሉ ይሟገት ጀመር፤ ከልማት ሠራተኛው ጋርም የተጣላው በዚያው ሰሞን ነው። ነገሩ የሚገርም ነው፣ ካብ ስለወደደ ነው የተጣላው። ከቤታችን በላይ ውሃ ከሦስት አቅጣጫ የሚሰበሰብባት አንዲት ጎድጓዳ ስፍራ አለች። አባዬና አባቱ ሁልጊዜ በዚያ ላይ ፈሰስ ያወጡ ነበር፤ ውሃው በማረሻ በተቀደደለት ቦይ አግድም ተመርቶ ወደ ዓለቱ፣ ከዓለቱ ወደ ወንዙ። እርከኑ ያንን ፈሰስ ዘግቶ እንዲያልፍ ተቀየሰ።

«ልጄ» አለው አባዬ፣ «ካቡን አልጠላሁም። እዚህ ላይ ግን ውሃው መውጫ ይፈልጋል። መውጫ ስጠው፣ አለዚያ ራሱ ያወጣል።»

«አባባ፣ ልክ ነዎት» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። «እኔ ግን በወር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው። ፈሰስ ከተውኩ እርከኑ ተቋረጠ ነው የሚሉኝ።»

«ማነው የሚልህ?»

«ከላይ ነው የመጣው።»

አባዬ ወደ ሰማይ አየ። «ከላይስ የሚመጣው ዝናብ ነው» አለና በትሩን አንስቶ ሄደ። በዚያው ክረምት ካቡ እዚያች ጎድጓዳ ላይ ተደርምሶ የአባቴን ምስር ደፍኖት ወረደ።

ሌላም ሌላም ነበር። ካቡ አይጥ አራባ፤ እሸት ሳይደርስ ታጭደዋለች። በሁለት ካብ መካከል ያለው ስፍራ ስለጠበበ በሬ ለማዞር መከራ ነው፤ አባቴ ከዳር ሲደርስ ሞፈሩን በትከሻው እያነሳ ነበር የሚያዞረው። ካቡ ራሱ የሚቀመጥበት መሬትም ከእርሻው የተቀነሰ ነው። ይህን ሁሉ ገበሬው የተናገረው ድንጋዩን በተሸከመበት ጊዜ ነው። ያኔ የሰማው ቢኖር ኋላ የሆነው ሁሉ ባልሆነ ነበር እላለሁ።

ሰባ ሰባትን በአጭሩ ልለፈው። ካብ ዝናብ አይወልድም። የ76ቱ በልግ ቀረች፣ ክረምቱም ተከትሎ ከዳን፤ የተካበውም ያልተካበውም መሬት አንድ ሆኖ ነጣ። ዓለም ኮረምን በቴሌቪዥን ባየበት ጊዜ የእኛ ሰዎች በማይባር መንገድ ወደ ደሴ ይጎርፉ ነበር። ለሥራ የሚሰጠው ስንዴ ለጉልበተኛ ነው፤ ድንጋይ ማንሳት የተሳነው ሰው በየትኛው ወገቡ ይሠራል? አባዬን ያጣነው በዚያ ዓመት ነው። ጎረቤቶቻችን ወደ ሰፈራ ተጭነው ሄዱ፤ የተመለሱም አሉ፣ ደብዳቤያቸው ብቻ የመጣም አሉ። እናቴ ስለ ስልሳ ስድስት እንደማታወራ ሁሉ እኔም ስለ ሰባ ሰባት ብዙ ማውራት አይሆንልኝም። አሁን ፍርፋሪዋ ገብታኛለች።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ጨምሮ ቀጠለ። ተራራው ተከለለ፣ ከብት እንዳይገባ ጥበቃ ቆመ፣ ባሕር ዛፍና ጽድ ተተከለ። ተራራው ሲያገግም አይቻለሁ፤ ሣሩ ጉልበት ድረስ ደረሰ፣ ጠፍታ የነበረች ምንጭ ተመለሰች፣ ቆቅ ጮኸ። ግን ዛፉ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ እንጨቱን ማን እንደሚቆርጥ የነገረን የለም። ተራራው የመንግሥት ነው፣ ስንዴው የፈረንጅ ነው፣ የእኛ የሆነው ወገባችን ብቻ ነበር።

ስለዚህ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ ቀጥሎም በ1983 መንግሥት ሲወድቅ፣ የሆነው ሆነ። ያን ሰሞን ከደሴ ለእረፍት ሄጄ ነበር። መጥረቢያው ሌሊትም አያርፍም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ አገሩን ሞልቶት፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ቤት የገባሁ ነበር የመሰለኝ። ካቡም ፈረሰ፤ አንዱ ለቤት መሠረት ድንጋይ ወሰደ፣ አንዱ እርሻው እንዲሰፋለት ገፋው፣ አንዱ እንዲያው በንዴት ናደው። ሰዎቹን የሚኮንን ብዙ ሰምቻለሁ፤ አላዋቂዎች፣ ምቀኞች፣ ምስጋና ቢሶች ተብለዋል። እኔ አልኮንንም። ያልጠየቋቸውን ነገር ነው ያፈረሱት።

አባቴ ግን አላፈረሰም። ጎረቤቶቹ ሲንዱ እሱ የተናደ ይጠግናል። ለምን ብዬ ብጠይቀው እጄን ይዞ ወደ ገብሱ ወሰደኝ። በካቡ ጀርባ፣ አፈሩ ተጠራቅሞ በደለደለበት በኩል ገብሱ ወገብ ድረስ ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደሚቀጥለው ካብ እግር ሲጠጉ እያጠረ ሄዶ ጉልበት ላይ ይቀራል። ከነዚያ ሁሉ ዓመታት በኋላ ዳገቱ ደረጃ እየሠራ ነበር። ያቺን የተደረመሰችውን ጎድጓዳ ደግሞ እንደገና ሲክባት፣ አባዬ እንዳለው መሐሏን ክፍት ትቶ ፈሰስ አውጥቶላታል፤ መውጫው ላይ ውሃው እንዳይቦረቡረው ድንጋይ አንጥፎበታል። «ያ ልጅ ቢያየው ደስ ይለው ነበር» አለ። የልማት ሠራተኛውን ማለቱ ነው። ያ ልጅ የት እንደደረሰ አላውቅም፤ ካለም አሁን ሽማግሌ ነው።

ኋላ ስንዴው በሌላ ስም ተመለሰ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ስንዴም የሌለበት የተፋሰስ ዘመቻ መጣ፤ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ገበሬው ጉልበቱን በነፃ እየሰጠ ተራራ ይውላል። ብዙ መልካም ነገር ተሠርቷል። በትግራይም በወሎም በረሃ የመሰለ ተዳፋት ለምልሞ፣ ከሥሩ መስኖ ሲጠጣ ያየ ዓይን አይዋሽም። ዛሬም ግን ሬዲዮ ስከፍት የምሰማው ያንኑ የኪሎ ሜትር ሪፖርት ነው፤ ይህን ያህል እርከን ተሠራ። አምና የተሠራው ቆሟል ወይ የሚል ግን አልሰማም። በሪፖርት ቢደመር ኖሮ አገሩን ስንት ጊዜ በካበው ነበር!

እናንተ በየቀበሌው ዘመቻውን የምትመሩ ልጆች፣ ምናልባት ይህን ካነበባችሁ፣ የዘንድሮን ጥር ስትጀምሩ ከአዲሱ በፊት አሮጌውን ዙሩት። የተናደውን በልግ ሳትገባ ጠግኑ፤ ጥገናውንም እንደ ሥራ ቆጥራችሁ ሪፖርት ላይ አስገቡት። ሲባጎውን ከመወጠራችሁ በፊት ደግሞ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ የመሬቱን ባለቤት ጠይቁ።